ማንዋል መኪና ለመልመድ ከመክፈላችሁ በፊት የአሰልጣኙን እግር እዩ

አዲስ አበባ ውስጥ መንዳት የሚማር ሰው የሚገዛው ሰዓት ነው። ደረሰኙ ላይ «20 ሰዓት ተግባር» ተብሎ ይጻፋል፣ ይከፈላል። ችግሩ የተከፈለበት ሰዓትና እግር ፍሪሲዮን (ማርሽ ሲቀየር በግራ እግር የሚረገጠው ፔዳል፣ ክላች) ላይ የሚያርፍበት ሰዓት አንድ አለመሆናቸው ነው። ከዚያ የባሰው ደግሞ ፍሪሲዮኑን አሰልጣኙ እየረገጠው ተማሪው ራሱ የነዳ ሲመስለው ነው። መንጃ ፈቃድ በእጁ ይዞ የቤተሰቡን ኮሮላ ከግቢ ማውጣት የሚያቅተው ሰው በብዛት የሚፈጠረው እንዲህ ነው።

የማሰልጠኛ መኪና በአሰልጣኙ በኩል ተጨማሪ ፔዳል አለው። አንዳንዱ ላይ ያለው ፍሬን ብቻ ሲሆን ሌላው ላይ ፍሪሲዮንም አለ። የእሱ ከእናንተ ጋር የተያያዘ ስለሆነ እሱ ሲረግጥ የእናንተም አብሮ ይወርዳል። ይህ ለአደጋ ጊዜ የተሠራ ነው። ነገር ግን መኪናው መብራት ላይ ጠፍቶ ከኋላ ጥሩንባ እንዳይበዛ ብዙ አሰልጣኞች ፔዳሉን ግማሽ ረግጠው ይይዙታል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ፔዳሉ ከጫማችሁ ስር ሸሽቶ ይወርዳል፣ ወይም እግራችሁን በድንገት ብታነሡም መኪናው ሳይንገጫገጭ ለስለስ ብሎ ይነሣል። ለማጅ ደግሞ እንዲያ ለስላሳ አይነሣም። በትህትና «ጋሼ፣ እግርዎን ያንሡልኝ፤ ይጥፋብኝ» በሉ። ባዶ ሜዳ ላይ መኪና አሥር ጊዜ መጥፋቱ ትምህርት ነው። እሺ ካላለ ሌላ አሰልጣኝ ጠይቁ።

ተማሪው ራሱ የነዳ እንዲመስለው የሚያደርገው ሁለተኛው ዘዴ ኮፈን ስር ነው። የሞቀ የቤንዚን ሞተር ነዳጅ ሳይሰጠው ሲቆም በአብዛኛው በደቂቃ ከ700 እስከ 900 ዙር ይሽከረከራል። ሜካኒኮች ሚኒሞ የሚሉት ይህንን ነው። ሞተሩ ሞቆ፣ ኤሲም ሳይከፈት የዙር ቆጣሪው መርፌ 1,200 እና ከዚያ በላይ ላይ ከቆመ ሚኒሞው ከፍ ተደርጓል ማለት ነው። እንዲህ ያለ መኪና ፍሪሲዮኑን እንደ ነገሩ ብትለቁትም እየተጎተተ ይሄዳል እንጂ አይጠፋም። እግራችሁ የለመደው ለዚያ መኪና ብቻ ስለሆነ ሚኒሞው ልክ በሆነ መኪና ላይ ከዜሮ ትጀምራላችሁ።

ከመክፈላችሁ በፊት ፍሪሲዮኑን ፈትሹ። ሜዳ ላይ የእጅ ፍሬኑ ጥብቅ ብሎ ተስቦ፣ አሰልጣኙ ራሱ ሦስተኛ ማርሽ አግብቶ፣ ትንሽ ነዳጅ ሰጥቶ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብሎ ይልቀቅ። ሞተሩ መጥፋት አለበት። መኪናው ሳይነቃነቅ ሞተሩ መጮሁን ከቀጠለ የፍሪሲዮኑ ሸራ (ሞተሩን ከማርሹ ጋር በሰበቃ የሚያያይዘው ዲስክ) አልቆ እየተንሸራተተ ነው። ፈተናው ሸራ ስለሚበላ አንድ ጊዜ ይበቃል። መኪናው በሙከራው ወደፊት ከተንፏቀቀ ደግሞ ደካማው የእጅ ፍሬኑ ነው፤ በዚያ መኪና ዳገት አትማሩም። በተጨማሪ ፔዳሉ የሚይዝበትን ቦታ እዩ። መሐል አካባቢ ቢይዝ ጥሩ ነው፤ ፔዳሉ ተለቆ ሊያልቅ ሲል ጫፍ ላይ ብቻ ከያዘ ሸራው ያለቀ ወይም ያልተስተካከለ ነው። ሁለተኛ ማርሽ ሲገባ የሚንቋቋ ካምቢዮም (የማርሽ ሳጥን) ጥፋቱ የእናንተ እንዳልሆነ ሳታውቁ እጃችሁን ያስፈራዋል።

አሁን ሰዓቱን እንቁጠር። 20 ሰዓት ከፍላችሁ አንድ መኪና ላይ ሦስት ተማሪ ከተጫነና ሰዓቱ ለሦስታችሁም ከተቆጠረ መሪ የምትይዙት 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው። ከእያንዳንዱ ሰዓት 15 ደቂቃ አሰልጣኙ ወደ ሜዳው በመንዳት ካለፈ የሚተርፋችሁ 5 ሰዓት ብቻ ይሆናል። ስለዚህ «ስንት ሰዓት ነው?» ሳይሆን «መሪ ላይ ስንት ደቂቃ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ያ ጊዜ ምን መያዝ አለበት? የመጀመሪያው ሰዓት ሙሉ በሙሉ የእግር ነው። ነዳጅ ሳትነኩ አንደኛ ማርሽ ታገባላችሁ፣ የሞተሩ ድምፅ ዝቅ እስኪልና የመኪናው አፍንጫ ቀና እስኪል ፍሪሲዮኑን ታነሣላችሁ፣ ሦስት ሰከንድ ይዛችሁ መልሳችሁ ትረግጣላችሁ። ይህ ሃያ ጊዜ ይደገም። ቀጥሎ በዚያው ዘዴ ያለ ነዳጅ መንቀሳቀስ ይመጣል፤ ነዳጅ የሚጨመረው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለተኛ 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት አካባቢ፣ ሦስተኛ ደግሞ ከ35 እስከ 40 ይገባል። ሜዳው ላይ ከሁለተኛ በላይ ሳያስገቡ «ጨርሳችኋል» የሚሉ አሉ፤ እንዲህ የተማረ ሰው ከአራተኛ ወደ ሦስተኛ መመለስ ምን እንደሆነ አያውቅም።

ዳገት ያላስተማረ ማንዋል አላስተማረም። የእጅ ፍሬን ስባችሁ፣ አንደኛ አግብታችሁ፣ ፍሪሲዮኑ ሲይዝ ነዳጅ ጨምራችሁ፣ አፍንጫው ቀና ሲል የእጅ ፍሬኑን ትለቃላችሁ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ተርቦ የሌለው ሞተር ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር ጉልበቱ በአምስት አንድ እጅ ያህል ይቀንሳል፤ ስለዚህ ነዳጁን አትሰስቱ። ነገር ግን መኪናውን በግማሽ ፍሪሲዮን ዳገት ላይ አንጠልጥሎ ማቆየት ሸራውን ያቃጥላል፤ የተቃጠለ ሽታ ከመጣ እሱ ነው። ቸርችል ጎዳና ላይ ወደ ፒያሳ ሽቅብ ቆማችሁ ተነሡ፣ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦም እንዲያወጣችሁ ጠይቁ። ቁልቁለቱም አይረሳ፦ ማርሽ ዜሮ ላይ አድርጎ መውረድን «ነዳጅ ይቆጥባል» ብሎ የሚያስተምር ካለ ተዉት። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ እንዲያ የወረደ ሰው ፍሬኑ ግሎ መያዝ ሊያቆም ይችላል። በከባድ ማርሽ (እንደ ሁለተኛ ባለ ዝቅተኛ ማርሽ) ሞተሩ ይይዘው።

«መኪናው ጋራዥ ገብቷል» ተብሎ ለማንዋል በተከፈለ ገንዘብ አውቶማቲክ ቪትዝ ቢቀርብላችሁ አትቀበሉ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸውን እያነሡ «ከእንግዲህ ሁሉም ኤሌክትሪክ ነው፣ ማንዋል ምን ያደርጋል?» የሚሉም አሉ። መንገድ ላይ ያሉት ዲዛየር፣ ሚኒባስና አይሱዙ ግን ገና ለዓመታት ይሠራሉ፤ ሹፌር የሚቀጠረውም በአብዛኛው ለእነሱ ነው። «ፈተናውን እኛ እናሳልፋችኋለን» ለሚልም አትክፈሉ፤ ፈታኙ መንግሥት እንጂ ማሰልጠኛው አይደለም።

ክፍያውን ከፋፍሉ። ደረሰኙ ወይም ውሉ ላይ የመኪናው ዓይነትና ሰሌዳ፣ በአንድ መኪና ስንት ተማሪ እንደሚጫን፣ መሪ ላይ የሚቆየው ደቂቃ፣ ሸራ ቢቃጠል ወይም መኪናው ቢጫር ማን እንደሚከፍል፣ ካቋረጣችሁ ስንት እንደሚመለስ ይጻፍ። የሦስተኛ ወገን መድን የሌላውን ሰው ጉዳት እንጂ የማሰልጠኛውን መኪና አይሸፍንም፤ ይህ ሳይጻፍ ከቀረ መኪናው ከአጥር ቢጋጭ የጥገናውን ሒሳብ ለእናንተ ያመጡታል።