ባለ 5 ሊትሩ የካርቶን ሴፍቲ ቦክስ፦ ለክትባት ክፍል ይበቃል፣ ለተኝቶ ታካሚ ክፍል አይበቃም

ሴፍቲ ቦክስ ያገለገለ መርፌና ስሪንጅ የሚጣልበት ሣጥን ነው። ይህ ካርቶን ታጥፎ ስለሚመጣ መጋዘን አያጣብብም፣ ዋጋው ዝቅተኛ ነው፣ ሲሞላም ከነያዘው ወደ ማቃጠያ ይገባል። ወደ 100 ስሪንጅ ከነመርፌው ይይዛል። መርፌውን ሳይነቅሉ፣ የመርፌውንም ክዳን መልሰው ሳይገጥሙ በአንድ እጅ መጣል የሚቻልበት ቀዳዳ አለው። ትልቁ ጥቅሙም ይኸው ነው፤ ክዳን መልሶ ሲገጠም ብዙ ጣት ይወጋል።

ችግሩ ከአገጣጠሙ ይጀምራል። የታችኞቹ ክንፎች ጎኑ ላይ በሥዕል በታተመው ቅደም ተከተል መታጠፍ አለባቸው፤ የመጨረሻዋ ምላስ ስንጥቋ ውስጥ እስከ ጥግ ካልገባች ታቹ የተዘጋ ይመስላል እንጂ አልተዘጋም። ባዶ ሳለ ምንም አይታወቅም። ሞልቶ ሲነሳ ግን ታቹ ይከፈትና መርፌው የሚያነሳው ሰው እግር ላይ ይፈሳል። አብዛኛውን ጊዜ ያ ሰው የጽዳት ሠራተኛ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው መርፌ ከመጣሉ በፊት ታቹን ከውስጥ በአውራ ጣት ጫን አድርጎ መሞከር ያስፈልጋል። በፕላስተር መለጠፍ የምላሷን ሥራ አይሠራም።

ሁለተኛው ጉድለት ካርቶኑ ውስጡን አለማሳየቱ ነው። ሦስት አራተኛ ላይ ሲደርስ መዘጋት ሲገባው፣ ተረኛው ስለማያየው መጣሉን ይቀጥላል። ከዚያ «ቦታ እንዲያገኝ» ተብሎ ይነቀነቃል ወይም በእጅ ይገፋል። አደጋው የሚደርሰው እዚህ ላይ ነው፤ ቀዳዳው አፍ ላይ የተሰካ መርፌ የሚቀጥለውን እጅ ይጠብቃል። ቀጭን ቱቦ ያለው የደም መቅጃ፣ ቢራቢሮ መርፌ የሚባለው፣ ደግሞ ከዚህም ይብሳል፦ ቱቦው ተጠቅልሎ ይገባና እንደ ስፕሪንግ ተመልሶ ይወጣል። ደም በብዛት በሚቀዳበት ላቦራቶሪ ይህን ሣጥን አንመክርም።

እርጥበትም ጠላቱ ነው። ላዩ ቢቀባም የተቆረጠው ጠርዝ ውኃ ይመጥጣል፤ በየቀኑ በሚወለወል ወለል ላይ የተቀመጠ ካርቶን ታቹ ይለሰልስና መርፌ ያሾልካል። በግድግዳ መያዣ ወይም በመቆሚያ ላይ፣ መርፌ ከሚወጋው ሰው እጅ ሳይርቅ መቀመጥ አለበት። የአሜሪካው የሙያ ደኅንነት ተቋም ኒዮሽ በ1998 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ቆመው ለሚሠሩ አፉ ከወለል ከ132 እስከ 142 ሴንቲ ሜትር፣ ተቀምጠው ለሚሠሩ ከ97 እስከ 107 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ይመረጣል። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ የሚጥለው ሰው አፉን ከላይ ማየት አለበት። አጭር ሰው ተንጠራርቶ በዳበሳ ከጣለ ሣጥኑ አልጠቀመውም።

ለተኝቶ ታካሚ ክፍል፣ ለማዋለጃና ለቀዶ ሕክምና ጠንካራው የፕላስቲክ ዕቃ ይሻላል። ውድ ነው፤ ነገር ግን እርጥብና ከባድ ነገር ይችላል፣ ምላጭም አይበሳውም። ሲገዛ ፒቪሲ ከተባለው የፕላስቲክ ዓይነት አለመሠራቱ ይጣራ፤ ፒቪሲ ሲቃጠል ዳይኦክሲን የተባለ መርዝ ያወጣል።

ከሣጥኑ ጎን አንድ ወረቀት ቢለጠፍ እንመኛለን፦ የተወጋ ሰው ቁስሉን በውኃና በሳሙና ይጠብ፣ አይጭመቀው፣ በረኪና አያፍስበት፣ ወዲያው ለኃላፊው ይንገር። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት በሰዓታት ውስጥ፣ ቢዘገይ ከ72 ሰዓት ሳያልፍ ተጀምሮ ለ28 ቀን ይወሰዳል። ቫይረሱ ካለበት ታካሚ መርፌ በመወጋት ኤችአይቪ የሚተላለፈው ከ1,000 ውስጥ ወደ 3 ጊዜ ነው፤ ሄፓታይተስ ቢ ግን ላልተከተበ ሰው ከ100 ውስጥ እስከ 30 ጊዜ ሊደርስ ይችላል። ለካርቶን በጀት የያዘ ተቋም የጽዳት ሠራተኞቹንም ሦስቱን ዙር የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ያስከትብ።

ሞልቶ የተዘጋው ሣጥን በመያዣው ተይዞ፣ ከእግር ራቅ ተደርጎ ይወሰድ። በፍጹም አይታቀፍ፤ ከታችም በእጅ አይደገፍ።