ሚሌ ሚሊያ፦ አሮጌ የስፖርት መኪና ለማየት የት መቆም ይሻላል?

ከጣሊያን ብሬሻ ተነስቶ ሮም ደርሶ የሚመለሰው ሚሌ ሚሊያ እንደ ፈረንጆቹ ከ1927 እስከ 1957 የመኪና ፍጥነት ውድድር ነበር። የዛሬው ግን የአሮጌ መኪኖች የሰዓት ፈተና ነው፣ ማለትም ርቀቱን በፍጥነት ሳይሆን በተመደበው ሰዓት ልክ መጨረስ፤ መኪናው መንገዱ ላይ የተዘረጋውን ቀጭን ቱቦ ሲረግጥ ሰዓቱ በመቶኛ ሰከንድ ይመዘገባል። ፍጥነት ፈልጎ የሚሄድ ያዝናል። መኪና ለማየት ግን ወደር የለውም፤ መንገድ ዳር ለሚቆም ደግሞ በነጻ ነው።

ምርጡ ቦታ ብሬሻ ነው፤ ከመነሻው በፊት መኪኖቹ ሲፈተሹ። መርሴዲስ 300 ኤስኤል ካገኛችሁ ኮፈኑ እስኪከፈት ጠብቁ። ሞተሩ ወደ ጎን የተጋደመው ኮፈኑ ዝቅ እንዲል ነው። በሮቹ ወደ ላይ የሚከፈቱትም ለውበት ሳይሆን ከብረት ቱቦ የተሠራው ሻሲ (የመኪናው አጽም) ጎኑ ከፍ ስለሚል ነው። ችግሩ ያለው ሞተሩ ሲጠፋ ነው፦ ሜካኒካል ፓምፑ ሞተሩ መዞሩን እስኪያቆም ቤንዚን ይረጫል፤ ቤንዚኑም የሲሊንደሩን ግድግዳ አጥቦ ዘይቱን ያቀጥነዋል። ስለዚህ ጠንቃቃ ባለቤት ዘይት ቶሎ ቶሎ ይቀይራል። (ጣሊያንኛ ባትችሉም ከጣሊያንኛ የወረስናቸውን ፍሬን፣ ጎማ፣ ማርሽ ካላችሁ መካኒኩ ይገባዋል።)

ሁለተኛው ምርጫ የከተማ ጠባብ መንገድ ነው። ሰልፉ ሲቆም ራዲያተሩ ንፋስ ያጣል፣ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር መቀላቀያው) ውስጥ ያለው ቤንዚን ይፈላል፣ ሞተሩ ይንተፋተፋል። እዚያ ድምፁም ሽታውም በቅርብ ይገኛል። የተራራ ቁልቁለት ላይ ደግሞ የጋለ ታምቡር ፍሬን ይሸታል።

ቅር የሚያሰኘው ሰልፉ መርዘሙ ነው፤ ከ400 በላይ መኪና አልፎ እስኪያልቅ ሰዓታት ይፈጃል። በሰኔ ፀሐይ ያለ ውሃና ባርኔጣ አይሞከርም።