340 ዶላር ከመበላታችሁ በፊት ላይብረሪ ኦፍ ኮንግረስ ግቡ

መጀመሪያ ስለተበላሁት 340 ዶላር ልናገርና ይውጣልኝ።

የድሮ የመድረክ ምትሃት ነገር መሰብሰብ ከጀመርኩ አራት ዓመት ሊሆነኝ ነው። መጽሐፍ፣ ፖስተር፣ የትርኢት ፕሮግራም፣ የቴአትር ቤት ቲኬት ጉራጅ፣ ያገኘሁትን። እንዴት እንደጀመረኝ አትጠይቁኝ፣ ቴምብር የሚሰበስብ ሰው የለም እንዴ? ባለፈው ዓመት ታዲያ አንድ የኦንላይን ሻጭ የሃዋርድ ተርስተንን ፖስተር «ኦሪጅናል ነው፣ ከሽማግሌ ቤት ጣሪያ ሥር የተገኘ» ብሎ አወጣ። ተርስተን በ1908 ባልቲሞር ላይ ከታላቁ ሃሪ ኬላር መድረኩን የተረከበ፣ በ1936 እስኪሞት ድረስ አሜሪካን በባቡር ሲያዳርስ የኖረ ምትሃተኛ ነው። ፖስተሮቹ ላይ ቀያይ ትናንሽ ሰይጣኖች ጠጋ ብለው ጆሮው ላይ ያንሾካሹኩለታል። እኔም ሰይጣኖቹን አየሁ፣ አላስችል አለኝ፣ ከፈልኩ።

በሳምንቱ በካርቶን ቱቦ ተጠቅልሎ መጣ። ዳር ዳሩ ቡኒ ብሏል፣ አንድ ጥጉ ትንሽ ተቀዷል፣ በቃ መቶ ዓመት የሞላው ይመስላል። ስሜቴ እስኪበርድ ሦስት ወር ፈጀ። አንድ ቀን ሜትር አውጥቼ ለካሁት። 24 በ36 ኢንች። ዛሬ ከሱቅ የምትገዙት ፖስተር የተለመደ መጠኑ ይሄው ነው፤ የዛን ጊዜ አታሚዎች ሉህ ግን ከዚህ ይተልቅ ነበር። አጉሊ መነጽር አስጠጋሁበት። ጥቃቅን ነጥቦች እንደ ወታደር ተሰልፈውልኛል። ቡናማው ዳርም ያረጀ እንዲመስል የተቀባ ሻይ ሳይሆን አይቀርም። ሻጩ እስከዛሬ ስልክ አያነሳም።

ይህን ሁሉ የማወራው የሌላ ቦታ ግምገማ ለመጻፍ ነው። ያ አጉሊ መነጽር ምን ማሳየት እንዳለበት ያስተማረኝ ቦታ ስላለ። ዋሽንግተን ዲሲ፣ ካፒቶል ሂል ላይ ያለው ላይብረሪ ኦፍ ኮንግረስ፣ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ነው። እኛ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የምንኖር ሰዎች በአጠገቡ ሺህ ጊዜ እናልፋለን፣ እንግዳ ሲመጣብን ፊት ለፊቱ ፎቶ እናነሳለን፣ ገብቶ መጽሐፍ ያዘዘ ግን ስንቱ ነው? እኔ ራሴ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቱሪስት ብቻ የሚገባበት ይመስለኝ ነበር።

ለሰብሳቢ ለምን እንደሚጠቅም ልንገራችሁ። ሃሪ ሁዲኒ፣ ያ ከሰንሰለትና ከካቴና የሚያመልጠው ሰውዬ፣ መጽሐፍ የማሰባሰብ በሽታ ነበረበት። የተወለደው በ1874 ቡዳፔስት ነው፣ የሞተው ኦክቶበር 31 ቀን 1926 ዲትሮይት ላይ። በኑዛዜው መጽሐፎቹን ለዚህ ላይብረሪ ሰጠ፣ በ1927ም 3,988 ጥራዝ ገባ። ዛሬ ያለው ቶማስ ጀፈርሰን ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ፣ የብርቅዬ መጻሕፍት ክፍል ነው። ማክማነስና ያንግ የሚባሉ ሁለት ሰብሳቢዎች የለገሱት ሌላ የምትሃት ስብስብም እዚያው አለ። አገሩ ሙሉ ጨረታ ላይ የሚናጠቀው ዓይነት ነገር ማለት ነው፣ እዚህ ግን ቁጭ ብላችሁ ታነቡታላችሁ። በነፃ።

አገባቡ ቀላል ነው። ዕድሜያችሁ 16 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፎቶ ያለበት መታወቂያ ይዛችሁ የአንባቢ ካርድ ታወጣላችሁ፣ ክፍያ የለውም። ዜግነትም ፕሮፌሰርነትም አይጠይቅም፤ ይህን ደጋግሜ የምጽፈው ጓደኞቼ ስላላመኑኝ ነው። ዜግነትም። ፕሮፌሰርነትም። አይጠይቅም። የምትፈልጉትን መጽሐፍ አስቀድማችሁ ካታሎግ ላይ ፈልጋችሁ፣ ለክፍሉ ጽፋችሁ ብትሄዱ ይሻላል። ቦርሳና ካፖርት ውጪ ሎከር ውስጥ ይቀራል። እስክሪብቶ ክልክል፣ እርሳስ ብቻ። እኔ በፊልም እንዳየሁት ነጭ ጓንት ያለብሱኛል ብዬ ነበር፣ የለም፣ እጅህን ታጥበህ ና ነው። ጓንት ወረቀቱን በጣት ስለማያስለይ ገጹን ለመቅደድ የበለጠ ይመቻል። መጽሐፉ ስፖንጅ ትራስ ላይ ተደግፎ ይመጣላችኋል፣ እንደ አራስ ልጅ።

በመጀመሪያው ቀኔ ያዘዝኩት በ1584 ለንደን የታተመውን የሬጂናልድ ስኮትን መጽሐፍ ነው። ርዕሱ ስለ ጥንቆላ ነው የሚለው፣ ነገሩ ግን ሌላ ነው። ስኮት በጠንቋይነት እየተከሰሱ ለሚሰቀሉ ድሃ አሮጊቶች ጥብቅና የቆመ ሰው ነበር። «እነዚህ ሴቶች ምንም አላደረጉም፣ ተአምር የምትሉትም የእጅ ቅልጥፍና ነው» ለማለት ሲል የገበያ ምትሃተኞች ወስፌ በምላሳቸው የሚያሳልፉት፣ የሰው አንገት ቆርጠው ሳህን ላይ የሚያስቀምጡት እንዴት እንደሆነ በሥዕል አስረዳ። ወስፌዎቹ ተስለዋል፤ አንዱ መሃሉ ላይ ቀለበት ሆኖ የተቆለመመ፣ አንዱ ጫፉ ወደ እጀታው የሚሸሽ። የተቆረጠው አንገትም ጠረጴዛው ሁለት ቀዳዳ አለው፣ አንድ ሰው ከሥር ጭንቅላቱን ያወጣል፣ ሌላው ላይ ተጋድሞ የራሱን ይደብቃል። ከአራት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ዘዴው ዛሬም ይሠራል። ደሞ እኔ እዚያ ቁጭ ብዬ ያሰብኩት ምትሃቱን አልነበረም፣ እኛ አገር «ቡዳ» እየተባለ የተገፋውን ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ነው። ለእነሱ እንዲህ ሥዕል ሠርቶ የተከራከረላቸው አልነበረም ይሆን?

ስለ ቃሉ ካነሳሁ አይቀር፣ «የአስማት መጽሐፍ እሰበስባለሁ» ብዬ ለእናቴ በስልክ የነገርኳት ቀን ቤት ውስጥ ሐዘን ነው የተቀመጠው። ልጄ ደብተራ ሆነ ብላ። ጥፋቷ አይደለም። አስማት በግዕዝ ስሞች ማለት ነው፣ የሚጠራው ስም፣ የሚጻፈው ክታብ። ኮፍያ ውስጥ ጥንቸል የሚያወጣ ሰውዬ በዚያ ቃል አይገለጽም። ምትሃት ስላት ትንሽ ተረጋጋች፣ «ሰርከስ ነው» ስላት ጨርሳ ተረጋጋች። የሚገርመው ደግሞ ያኛውም አስማት እዚሁ ላይብረሪ ውስጥ አለ። የአማርኛ–እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ያዘጋጀው ቶማስ ኬን ያሰባሰባቸው የብራና መጻሕፍትና የክታብ ጥቅልሎች እዚያው ነው የሚገኙት። ሁለቱን በአንድ ቀን ማየት ይቻላል፣ እኔ ግን አልሞከርኩትም፣ እናቴ ከሰማች አለቀልኝ።

ወደ ፖስተሩ ልመለስ። ይህ ክፍል ካርድም አይፈልግም፣ ከቤታችሁ ሆናችሁ ነው። የላይብረሪው የሥዕልና የፎቶ ክፍል የድሮ ምትሃት ፖስተሮችን ስካን አድርጎ ድረ ገጹ ላይ ለቋል፣ ቲፍ የሚባለውን ትልቁንና ጥራት ያለውን የምስል ፋይል ጭምር። ኬላር የራሱን ጭንቅላት ከአንገቱ ነጥሎ የሚያንሳፍፍበት የ1898ቱ አለ። ዛን ዚግ የሚባለው ምትሃተኛ ከጥንቸልና ከጽጌረዳ ጋር፣ 1899። የተርስተንም አሉ። ብዙዎቹን ያተመው ሲንሲናቲ የነበረው ስትሮብሪጅ የሚባል ማተሚያ ቤት ነው፣ በዘመኑ የሰርከስና የቴአትር ፖስተር ንጉሥ። ዕድሜያቸው ስለገፋ የቅጂ መብታቸው አልቋል፣ አውርዳችሁ ብታሳትሙ ከልካይ የላችሁም። እኔ ኬላርን ሰፈሬ ያለ ማተሚያ ቤት ወስጄ በ31 ዶላር አሳተምኩት። ከ340ው የተሻለ ወጥቷል። እያመመኝም ቢሆን እናገራለሁ።

ግን ትልቁ ጥቅም ማውረዱ ብቻ አይደለም። ፋይሉን እስኪፈነዳ አጉሉት። ያኔ የነበረው አሠራር ሊቶግራፍ ነው፣ ሠዓሊው ድንጋይ ላይ በቅባታም እርሳስ በእጁ ይሥላል፣ ለየቀለሙ ሌላ ድንጋይ፣ ከዚያ ወረቀቱ አንድ በአንድ እያለፈ ቀለም ይደራረብበታል። ስለዚህ ጥላው የእጅ ጭረትና የተበታተነ ነጠብጣብ ነው፣ አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን፣ ቀለሙም አንዳንድ ቦታ ከመስመሩ ትንሽ ሸርተት ይላል። የዛሬ ህትመት ግን እኩል በእኩል የተሰለፉ ነጥቦች ነው፣ አራት ቀለም ተጠጋግቶ እንደ ትንሽ አበባ። ይህን አንዴ ዓይናችሁ ከለመደ ሁለት ዶላር የምታወጣ አጉሊ መነጽር ትበቃችኋለች። እኔ ትምህርቱን ከግዢው በኋላ ስለወሰድኩት ነው እንጂ።

ኦሪጅናል ካልገዛሁ እንቅልፍ አይወስደኝም ካላችሁ ከማይታወቅ ሻጭ ይልቅ በዚህ ነገር ላይ ብቻ የሚሠሩ አጫራቾች አሉ፣ ቺካጎ ያለው ፖተር ኤንድ ፖተር ለምሳሌ። ካታሎጋቸውን ማንበብ በራሱ ትምህርት ነው፤ የቱ ጋ እንደተጠገነ፣ ከኋላው ጨርቅ እንደተለጠፈበት፣ ሁሉንም ይጽፋሉ። ዋጋው ሲጮህ የምትሰሙት ቁጥር ግን የመጨረሻው አይደለም። ጨረታ ቤቶች ከገዢው 20 በመቶና ከዚያ በላይ ይጨምራሉ፣ መላኪያም አለ፣ ታክስም አለ። ደግሞ ከማን ጋር እንደምትጫረቱ እወቁ። ታዋቂው ምትሃተኛ ዴቪድ ኮፐርፊልድ በ1991 ጆን መልሆላንድ የሚባል የሌላ ምትሃተኛ ስብስብ በ2.2 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ ላስ ቬጋስ የግል ሙዚየሙ ውስጥ አስገብቶታል፣ ለሕዝብ ክፍት አይደለም። እንዲህ ካለ ሰው ጋር እጅ ከማውጣት የሁዲኒን መጽሐፍ እርሳስ ይዞ ማንበብ አይሻልም?

መጽሐፍ ላይ ግን ብዙም አትፍሩ። ፕሮፌሰር ሆፍማን በሚል የብዕር ስም የጻፈው አንጀሎ ሉዊስ፣ ሥራው ጠበቃ ነበር፣ በ1876 የምትሃትን ምስጢር ከሀ እስከ ፐ ዘርግፎ አሳተመ። የሚፈለገው የመጀመሪያው እትም ነው፣ እሱ ይወደዳል። ከዚያ በኋላ የታተሙት ግን በየአሮጌ መጽሐፍ ቤቱ ይገኛሉ፣ የእኔን 45 ዶላር ነው የገዛሁት፣ ጀርባው ላልቷል ግን ሥዕሎቹ ሙሉ ናቸው። መጀመሪያ ላይብረሪው ውስጥ አንብባችሁ ከወደዳችሁት ግዙት።

ጉድለት የለውም ወይ? አለው። የሁዲኒ ስብስብ በአብዛኛው ሙታን እናነጋግራለን ስለሚሉ ሰዎች ነው፣ ምክንያቱም በመጨረሻ ዓመታቱ ሥራው እነሱን ማጋለጥ ነበር። የካርታና የሳንቲም ዘዴ ብቻ ፈልጎ የሄደ ሰው ብዙ አሰልቺ የመናፍስት ጽሑፍ ይገጥመዋል። የሁዲኒ የቴአትር ስብስብም እዚህ የለም፣ ዞሮ ዞሮ ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ፣ ኦስቲን ነው የገባው፤ የቴአትር ፕሮግራም የምትሰበስቡ አትልፉ። ቁሳቁስ፣ ሳጥን፣ ካቴና ማየት የሚያምራችሁም እዚህ ሳይሆን ሚሺጋን ማርሻል ከተማ ያለው የአሜሪካ የምትሃት ሙዚየም ይሻላችኋል፣ ከ1978 ጀምሮ ያለ ነው፣ እኔ ገና አልሄድኩም። ውሰት ደግሞ የለም፣ እዚያው አንብቦ መመለስ ነው።

ያ የተሸወድኩበት ተርስተን የት ሄደ ካላችሁ፣ ሳሎን ተሰቅሏል። 340 ዶላር ነው፣ አይጣል። እናቴ ክረምት ላይ ልትጠይቀኝ መጥታ ሰይጣኖቹን አየች፣ ምንም አልተናገረችም፣ በማግስቱ ፊት ለፊቱ ቅዱስ ሚካኤልን ሰቀለች። እስካሁን ይተያያሉ።

ለላይብረሪው ከአምስት ኮከብ አራት ተኩል። ግማሿን የቀነስኩት ብርቅዬ መጻሕፍት ክፍሉ ከሰኞ እስከ ዓርብ ብቻ ስለሚሠራ ነው፣ የእኔ እረፍት ደግሞ ቅዳሜ ነው።