ነጭ ብረት ይፈሰስ ወይስ የመዳብና እርሳስ ቅርፊት ይገዛ?

ሞተራቸውን ሊያስፈቱ የተዘጋጁ ወዳጆቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ የሞተሩን ዋና ተሽከርካሪ ዘንግ፣ ማለትም ክራንክ ሻፍቱን፣ አቅፎ የሚይዘውን ቤሪንግ ነጭ ብረት የሚባለውን ለስላሳ ቅይጥ አስፈስሰው ያድሱት ወይስ ጀርባው ብረት፣ ፊቱ የመዳብና የእርሳስ ቅይጥ የሆነውን ቅርፊት ይግዙ? እኔ ያለ ማመንታት ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ባለፈው ዓመት ለአራት ሲሊንደር ሞተር ዋጋ ሳጠያይቅ ነጭ ብረት ማስፈሰስና በቶርኖ ማስተካከል 6,500 ብር፣ ኦሪጅናሉ ቅርፊት ደግሞ 9,800 ብር ነበር፤ ይህ የ3,300 ብር ልዩነት ግን የሚያሳስበው በግዢው ዕለት ብቻ ነው።

ከሻጭ ቃል ይልቅ የሚያሳምነኝ የቀደምት የአውሮፕላን ሞተሮች ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1917 አሜሪካ ውስጥ የተነደፈው ሊበርቲ የተባለው ባለ 12 ሲሊንደር የአውሮፕላን ሞተር 400 የፈረስ ጉልበት ያህል ይሰጥ ነበር፤ የክራንክ ሻፍቱ ዋና ቤሪንጎች ግን ቶሎ ያልቁ ነበር። ነጭ ብረት ለስላሳ በመሆኑ በዘይት የመጣ ቆሻሻን በገላው ውጦ ዘንጉን ከጭረት ያድናል፤ ሲግል ግን ጉልበቱ ይከዳዋል፣ 240 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መቅለጥ ይጀምራል፣ ከዚያ በፊትም በተደጋጋሚ ምት ተሰነጣጥቆ እየተቦጨቀ ይወድቃል። የአሊሰን ኩባንያው ኖርማን ጊልማን ኢንዲያናፖሊስ ውስጥ ያገኘው መፍትሔ እርሳስ የበዛበትን ነሐስ (የመዳብ ቅይጥ) ከብረት ቅርፊት ጋር አዋህዶ ማፍሰስ ነበር፤ ብረቱ ጭነቱን ይሸከማል፣ መዳቡ ሙቀቱን ያሳልፋል፣ እርሳሱ ሰበቃውን ያለዝባል። የዚያ ዘመን ፈተና ሞተሩን በመሞከሪያ ማቆሚያ ላይ ለረጅም ሰዓት ማስነሣትና ከዚያ ፈትቶ ማየት ነበር፤ ቪ-1710 የተባለው የአሊሰን የአውሮፕላን ሞተር እ.ኤ.አ. በ1937 የ150 ሰዓቱን ፈተና በ1,000 የፈረስ ጉልበት አልፏል።

የመዳብና እርሳሱ ቅርፊትም ድካም አለው። ጠንከር ያለ ዘንግ ይፈልጋል፣ ያረጀ ዘይት ውስጥ የሚፈጠረው አሲድም እርሳሱን ይበላዋል፤ የአውሮፕላን ሞተር አምራቹ ፕራት ኤንድ ዊትኒ ከብር ማዕድን በተሠራ ቤሪንግ ፊት ላይ ያለውን እርሳስ ከዚህ ለማዳን ኢንዲየም የሚባል ለስላሳ ብረት የጨመረበት ለዚህ ነው። ስለዚህ የዘይት መቀየሪያውን ጊዜ የሚያሳልፍ ሰው ይህን ቅርፊት ባይገዛ ይሻለዋል።

እኔን ያቃጠለኝ ግን ፎርጅዱ ነው። ኦሪጅናል ተብሎ በ3,200 ብር የተሸጠልኝን ቅርፊት አስገብቼ ሦስት ወር ሳይሞላ ሞተሩ ማንኳኳት ጀመረ። የዘይት ገንዳውን ስናወርድ ከታች የሚያብለጨልጭ ስስ የብረታ ብረት ፍርፋሪ ተከማችቷል፤ ቅርፊቱ ላይ ደግሞ ፊቱ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተላጦ በሙቀት የጠቆረው ብረት ወጥቷል። ዘንጉ ተጭሮ ስለነበር እሱን ማስተካከል ብቻ 18,000 ብር አስወጣኝ፤ የመካኒኩን ዋጋና መኪናው የቆመበትን ቀን አልቆጠርኩም።

ነጭ ብረትን የምመክረው በዝግታ ለሚዞር አሮጌ የወፍጮ ሞተር፣ ያውም ቅርፊቱ ከገበያ ለጠፋበት ብቻ ነው። ቅርፊት የምትገዙ ደግሞ ማይክሮሜትር የያዘ መካኒክ ይዛችሁ ሂዱ፤ የግማሽ ክብ ቅርፊቶቹን ሁሉ ውፍረት መሐላቸው ላይ ለኩ፣ ከአንድ ስብስብ ውስጥ የአንዱ ልኬት ከሌላው በግልጽ ከተለየ ዋጋው ምንም ቢረክስ ሣጥኑን ለሻጩ መልሱለት።