ሪንገር ላክቴት ለኩላሊት ታማሚ ድመት

ሪንገር ላክቴት ለድርቀት ከቆዳ ሥር የሚሰጥ ጨዋማ ፈሳሽ ነው። ባለ 1 ሊትሩ ከረጢት ኩላሊት አያድንም፤ ድርቀቱን ቀንሶ የምግብ ፍላጎት ይመልሳል፣ ይኸው ነው። ለዚያ ግን ዋጋ አለው። ፋርማሲ ገብታችሁ በልማድ «ግሉኮስ» እንዳትሉ፤ ስኳር ያለበት ለዚህ አይሆንም። ከረጢቱን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ አሙቁት፣ ከቱቦው አየሩን አስወጡ፣ በትከሻዎቹ መካከል ቆዳውን አንስታችሁ አዲስ መርፌ አስገቡ። ባለ 18 ጌጁ (ወፈር ያለው መርፌ) ቶሎ ያወርዳል፤ በቀጭኑ 100 ሚሊ ሊትር እስኪያልቅ የድመቱ ትዕግሥት ቀድሞ ያልቃል። ፀጉሩ ከራሰ መርፌው በሌላው ወገን ወጥቷል። ፈሳሹ ከቆዳው ሥር የሚፈጥረው እብጠት ወደ እግሩ ቢወርድ አትደንግጡ። መጠኑን የእንስሳት ሐኪም ይወስን፤ ልቡ የታመመ ድመት ላይ ፈሳሹ ሳንባ ሊሞላ ስለሚችል ትንፋሹ ከፈጠነ ወዲያው አቁሙ። እብጠቱ በማግስቱም ካልጠፋ ሳትጨምሩ ለሐኪሙ ንገሩ። ምግብ እምቢ ብሎ ከሰነበተ ደግሞ ሌላ ከረጢት ከመግዛት ያለ ሥቃይ እንዲሞት ስለሚያደርገው ማሳረፊያ መርፌ ከሐኪሙ ጋር መነጋገር ይሻላል።