በሌሊት ፎቶ ያነሳናቸውን የእሳት እራቶች ለመለየት የትኛው ይሻላል?

በዓለም ላይ ስም የወጣላቸው የእሳት እራት ዝርያዎች ወደ 160,000 ይጠጋሉ፤ ቢራቢሮዎች 18,000 ገደማ ብቻ ናቸው። በዚህ ላይ አብዛኞቹ ቡናማና ግራጫ ስለሆኑ፣ አትክልት ቦታ ውስጥ የተነሳን ፎቶ ይዞ ትክክለኛውን ስም ማግኘት ትዕግሥት ይጠይቃል። ለዚህ የሚረዱት መሣሪያዎች ብዙ ቢሆኑም ብርታታቸው ይለያያል።

ፈጣኑ ጉግል ሌንስ ነው። ሥራው የእናንተን ፎቶ የሚመስሉ ምስሎችን ፈልጎ ማቅረብ ነው። ለትልልቆቹና ለደማቆቹ ይበቃል። ትንንሾቹና ደብዛዛዎቹ ላይ ግን እናንተ ባላችሁበት አካባቢ ጨርሶ የማይኖር ዝርያ ሊያመጣ ስለሚችል፣ ለፍንጭ ካልሆነ በስተቀር አልመክረውም።

ሲክ የተባለው መተግበሪያ ነጻ ነው፤ መመዝገብም አይጠይቅም። ስለዚህ ከልጆች ጋር ለሚመለከት ሰው ይመቻል። እርግጠኛ ሳይሆን ሲቀር ዝርያውን ከመገመት ይልቅ ወገኑ (ተቀራራቢ ዝርያዎች የሚጠቃለሉበት ቡድን) ላይ መቆሙን በጣም እወድለታለሁ። የሚጎድለው መልሱን የሚያርም ሰው ነው።

ይህንን የሚሞላው አይናቹራሊስት ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ የማስተርስ ተማሪዎች ሥራ ሆኖ የተጀመረው ይህ መድረክ በመጀመሪያ የኮምፒውተሩን ግምት ያቀርባል፤ ከዚያ ፎቶውን ሰዎች ያዩታል። ቀኑና ቦታው ተመዝግቦ፣ ከለዪዎቹ ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆኑት በአንድ ዝርያ ሲስማሙ መዝገቡ ለምርምር የሚበቃ ይባላል። መልስ ሊዘገይ ይችላል። ቢሆንም ክፍያ የለውም፤ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ያለማመንታት እርሱን እመርጣለሁ።

ገንዘብ የሚያስወጣው መጽሐፍ ነው፤ የራሳችሁን አካባቢ የሚመለከት ከተገኘ ግን ዋጋው አይቆጭም። ተመሳሳዮቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ በየትኞቹ ወራት እንደሚበሩ ይነግራል። የመላውን ዓለም ዝርያዎች አቀርባለሁ የሚለውን ግን አትግዙ፤ በጥቂት መቶ ገጾች ከላይ ከላይ ከመንካት አያልፍም።

ማንኛውም መሣሪያ የማይሻገረው ገደብ አለ። በአውሮፓ የሚገኙትን አክሮኒክታ ፕሲና አክሮኒክታ ትራይደንስን ተመልከቱ፦ ሁለቱም ግራጫ ናቸው፤ ሁለቱም ክንፋቸው ላይ ጩቤ የሚመስል ጥቁር ምልክት አላቸው። ካደጉ በኋላ በፎቶ አይለዩም፤ የመራቢያ አካላቸው በማጉያ መሣሪያ መታየት አለበት። አባጨጓሬዎቹ ግን በግልጽ ይለያያሉ፤ የፕሲ ጀርባ ሰፊ ቢጫ መስመር ሲኖረው የትራይደንስ ነጭና ብርቱካናማ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ በወገን ስም መመዝገብ ትክክለኛ መልስ ነው።

ወደ ካሜራው ስንመጣ፣ ስልክ ላይ የሚሰካ ማጉያ ሌንስ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን በጣም ስለሚያስጠጋ ነፍሳቱን ያስደነግጣል፣ የምስሉንም ዳር ያደበዝዛል። 100 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሆነ የማክሮ ሌንስ ውድ ቢሆንም ራቅ ብሎ ለማንሳት ያስችላል። ለጀማሪ ስልኩ ይበቃዋል፤ ይልቅ ለብርሃን ያውጣ። በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር የተነሳ ፎቶ ሁሉን ነገር ወይን ጠጅ ያስመስላል፤ ቀለሙ ከተበላሸ መተግበሪያውም ሰውም ይሳሳታል። በዚያ መብራት ስቧቸው፣ ስታነሱ ግን በስስ ነጭ ወረቀት የተሸፈነ ነጭ ባትሪ ከጎን አብሩ። በፊት ክንፉ መሐል ያለው ኩላሊት መሰል ነጥብ፣ የክንፉ ጠርዝና የአንቴናው ቅርጽ ጥርት ብለው ይታዩ። ከተቻለም ከላይና ከጎን አንድ አንድ ፎቶ ይኑራችሁ።