አሮጌው ላፕቶፕ ከ14 ወር በኋላ፦ ደሴ ላይ እንዴት አገለገለኝ?

ላፕቶፑን የገዛሁት ጥር 2017 ላይ ነው። ያገለገለ ነው፤ 31 ሺህ ብር ከፈልኩበት። አሁን መጋቢት 2018 ሆኗል። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት አለችኝ። ማመልከቻ፣ ሲቪ፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ፣ የእድር ደንብ፣ የሰርግ ጥሪ እጽፋለሁ። ከእሑድ በቀር ላፕቶፑ ሳይከፈት የዋለበት ቀን ትዝ አይለኝም። እንጀራዬ ስለሆነ ጥሩ ጎኑንም ጉድለቱንም አውቀዋለሁ።

14 ኢንች ነው። ፕሮሰሰሩ፣ ማለትም ሥራውን የሚያስበው ዋናው ቺፕ፣ 7ኛ ትውልድ ኢንቴል ኮር አይ5 ነው። ለቢሮ ተብለው ከተሠሩት ጥቋቁር ላፕቶፖች አንዱ ነው። ማርካውን አልጠራም። የዚያ ዘመን የቢሮ ላፕቶፖች ባሕርያቸው ይቀራረባል፤ ማስታወቂያ እንዲመስልብኝም አልፈልግም።

እውነቱን ለመናገር አዲስ ነበር የምፈልገው። ዕቁብ ገብቼ ዕጣው የደረሰኝ ሐምሌ 2016 መጀመሪያ ላይ ነው። «ትንሽ ልጨምርበት» ብዬ ሁለት ሳምንት ዘገየሁ። ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ፒያሳ አይቼ የተመኘሁት ላፕቶፕ ከአቅሜ በላይ ሆነ። የኢኮኖሚ ሰዎች ለውጡ ለምን እንዳስፈለገ ብዙ ብለዋል፤ ሰምቻቸዋለሁ። እኔ ግን ኮምፒውተር ለእኛ ለትንንሾቹ እንደ ገበሬ ማረሻ ነው እላለሁ። ለሥራ መሣሪያ የሚሆን አነስተኛ ብድር አብሮ ቢታሰብ ኖሮ ጎረቤቶቼ የነበሩት ሁለት ኮፒ ቤቶች ባልተዘጉ ነበር።

ወደ ላፕቶፑ ልመለስ። ከሁሉ የወደድኩት ባትሪውን ነው። ሁለት ባትሪ አለው። አንዱ ውስጥ የተቀበረ ነው። ሌላው ከኋላ በኩል በጣት ተጭነው የሚነቅሉት ነው። መጀመሪያ የሚያልቀው የኋላው ነው። እሱ ሲያልቅ ነቅለው ሌላ ይሰኩበታል፤ በዚህ መሀል ኮምፒውተሩ አይጠፋም። የውስጡ ይዞት ይቆያል። ይህን ነገር ደሴ ላይ የምትኖር ጸሐፊ እንጂ ሌላ ሰው በደንብ የሚረዳው አይመስለኝም። መብራት ድንገት ሲሄድ 40 ገጽ መመረቂያ ጽሑፍ ተከፍቶ፣ ተማሪው አጠገቤ ቆሞ፣ ማስረከቢያው ነገ ሆኖ ያውቃል። ድሮ በዴስክቶፕ ስሠራ በእንዲህ ያለው ቀን ልቤ ይቆም ነበር። አሁን ልጁን «አብሽር» እለውና እቀጥላለሁ።

ስገዛው የውስጡ ባትሪ ከ24 ዋት ሰዓት (የባትሪ አቅም መለኪያ ነው) ወደ 17 ወርዶ ነበር። ዛሬ 14 ላይ ነው። የኋላውን አዲስ፣ 48 ዋት ሰዓት የሚይዝ ገዛሁለት። እሱ ዛሬ 43 ይይዛል። ሁለቱ ተደምረው መጀመሪያ ከአምስት ሰዓት በላይ ያስኬዱኝ ነበር። አሁን አራት ሰዓት ገደማ ነው። ፕሪንተሩ ያለ መብራት አይሠራም፤ ስለዚህ መብራት ሲጠፋ እጽፋለሁ፣ ሲመጣ አትማለሁ። እስኪመጣ ቡና ይፈላል፣ ደንበኛውም ሳይጠጣ አይሄድም።

ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሲመረቅ ሱቄ ውስጥ ከደንበኞቼ ጋር በስልክ ነው ያየነው። 5,150 ሜጋ ዋት ሲባል እንባዬ መጣ። እኔም ቦንድ ገዝቻለሁ። ነገር ግን ማመንጨት አንድ ነገር ነው፤ ኃይሉን በተራራ ላይ ተሻግሮ እስከ ሰፈር ማድረስ ሌላ ነው። ጦሳ ላይ ዝናብና ነፋስ ሲበረታ የሚበጠሰው የሰፈሩ ሽቦ ነው። ከእንግዲህ ስለ መብራት የምንጠይቀው ጥያቄ ስለ ማከፋፈያው መስመር መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ።

ባትሪ መሙላቱም ቀሎኛል። በስልክ ዓይነቱ ዩኤስቢ ሲ ይሞላል። አንድ 65 ዋት ቻርጀር ለስልኬም ለላፕቶፑም ይሆነኛል። የአውሮፓ ኅብረት ስልኮች በዚህ ሶኬት እንዲሞሉ ከ2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ አስገድዷል። ላፕቶፖችን የሚመለከተው ደግሞ ሚያዝያ 20 ቀን 2018 ይጀምራል። ሕጉ የወጣው ሩቅ አገር ነው። ጥቅሙ ግን ፒያሳ ድረስ ይመጣል፤ ለአውሮፓ የተሠራው ዕቃ ነው ዞሮ ዞሮ እኛ ጋ የሚደርሰው።

የሩቅ አገር ሕግ ሁልጊዜ እንዲህ አይደርሰንም። ዊንዶውስ 11 በ2021 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ከ8ኛ ትውልድ በታች ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች፣ ከጥቂቶች በቀር፣ አልተቀበለም። የእኔ 7ኛ ነው። ላፕቶፔ ላይ የነበረው የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አበቃ። ማይክሮሶፍት የሰጠው ምክንያት ደኅንነት ነው። ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ያስፈልጋል ይላል። ያ ቺፕ ላፕቶፔ ላይ አለ። ፕሮሰሰሩ ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ደኅንነት ቀልድ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የሰው መታወቂያና የባንክ ደብተር ኮፒ በእጄ ያልፋል። ቢሆንም በቀን አሥር ሰዓት ሳያቅማማ የሚሠራ ማሽን በቀን መቁጠሪያ ሲሻር ማየት ያሳዝናል።

ከዚያ የመጣው ዜና ይበልጥ አሳሰበኝ። የደኅንነት ማሻሻያው ለአንድ ተጨማሪ ዓመት እንዲቀጥል መንገድ ተከፈተ። የኮምፒውተርን ሴቲንግ ከአካውንት ጋር ማመሳሰል፣ 1,000 የሪዋርድስ (የማይክሮሶፍት ሽልማት) ነጥብ፣ ወይም 30 ዶላር። የአውሮፓ የሸማቾች ማኅበራት ተቃወሙ። በአውሮፓ የኢኮኖሚ ቀጠና ለሚኖሩት ያለ ክፍያና ያለ ማመሳሰል ተፈቀደ። ለእኛ ግን ሦስቱ አማራጮች እንደነበሩ ቀሩ። 30 ዶላር በብር መቁጠሩን ትቼ፣ በምን ካርድ ነው የምከፍለው? የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ እኛም አለን፤ ቁጥሩ 813/2006 ነው። ደሴ ላይ ስለ ኮምፒውተር ቆሞ የሚሟገትልኝ የሸማቾች ማኅበር ግን አላውቅም። ፖለቲካ ሲባል ሥልጣን ብቻ ነው የሚታየን። እኔ ይህንንም ፖለቲካ እለዋለሁ።

ስለዚህ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ የሚባለውን ነጻ ሲስተም አስጫንኩ። የጫነልኝ ኮምቦልቻ የሚማረው የእህቴ ልጅ ነው። ፈርቼ ነበር። «አክስቴ፣ አብሽሪ፣ አንድ ፋይል አይጠፋብሽም» አለኝ። እውነትም አልጠፋም። ሊኑክስ ሚንት 22 ነው፤ ድጋፉ እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ሚያዝያ ይቆያል። ላፕቶፑ ፈጠነ። ከፍቼው ለሥራ እስኪዘጋጅ ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። አማርኛ መጻፉ ግን ሁለት ሳምንት አስቸገረኝ። የለመደ ጣት ቶሎ አይታረምም። አሁን ሽን በኤክስ፣ ጥን በትልቁ ቲ ሳላስብ እጽፋለሁ።

ችግርም አለበት። የኮፒ ማሽኔ ከሊኑክስ ጋር አልግባባ አለ። ለእሱ ብዬ ዊንዶውስ 10ን በዲስኩ አንድ ጥግ ላይ አስቀርቻለሁ፤ ኢንተርኔት አላገናኘውም። ሁለተኛው የሰነድ ቅርጽ ነው። ሰው ዊንዶውስ ላይ ባለው የአማርኛ ፎንት፣ በኒያላ፣ የጻፈውን ሲያመጣልኝ ፎንቱ ሊኑክሱ ላይ ስለሌለ በሌላ ይተካዋል። መስመሩ ይረዝማል፣ ሠንጠረዡ ወደሚቀጥለው ገጽ ይወርዳል። አንድ ቀን የአንዲት ልጅ መመረቂያ ጽሑፍ ማውጫው በሙሉ ተዛብቶብን ሌሊት ድረስ ቁጭ ብለን አስተካከልነው። ከዚያ ወዲህ ደንበኞቼን ፒዲኤፉንም አብራችሁ አምጡ እላለሁ።

ስለ ፎንት ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልንገራችሁ። ባለፈው ዓመት አንድ ሼኽ ፍላሽ ይዘው መጡ። ውስጡ የሟች አባታቸው መንዙማዎች አሉ። 2001 አካባቢ አንድ ጽሕፈት ቤት አስጽፈዋቸው ነው። በ2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ወደ ደብረ ብርሃን የሸሹት ይህንን ፍላሽ ኪሳቸው ይዘው ነው። (እኔም ያን ጊዜ ሸሽቻለሁ። ስመለስ ዴስክቶፑም ፕሪንተሩም አልነበሩም።) ፋይሉን ስከፍተው የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅልቅ ወጣ። ሼኹ ስክሪኑን አይተው ዝም አሉ። ፊታቸውን ማየት አልቻልኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ (ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር የሚሰጥ ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ሥርዓት) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት የአማርኛ ፎንቶች በላቲን ፊደል ቦታ የእኛን ፊደል ቅርጽ አስቀምጠው ነበር የሚሠሩት። ብዙ ጽሕፈት ቤት በእነሱ ለዓመታት ቀጠለ። ፎንቱ ከሌለ ጽሑፉ የለም ማለት ነው። እኔ የድሮዎቹን ፎንቶች በአንድ ሲዲ አስቀምጬ ነበር። ሲዲ ማንበቢያ ተውሼ ወደ ላፕቶፑ ገለበጥኳቸው። «ቢስሚላህ» የሚለው የመጀመሪያው ቃል ብቅ ሲል ሼኹ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉልኝ። 62 ገጹን እያየሁ በዩኒኮድ እንደገና ጻፍኩት። ሦስት ሳምንት ፈጀ። እያንዳንዱን ቃል እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው አረሙ። ቤታችሁ የድሮ ፋይል ያላችሁ፣ እባካችሁ ፎንቱ በእጃችሁ ሳለ አስገልብጡት።

ኢንተርኔትን በተመለከተ አጭር ነው የምለው። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ አንድ ዓመት ገደማ ተዘግቶ ነበር። ያን ጊዜ የነበረኝ የጽሕፈት ፕሮግራም «ኢንተርኔት ገብተሽ ማንነትሽን አረጋግጪ» ብሎ ቆለፈብኝ። የራሴን ፋይል ማየት እንጂ ማረም አልቻልኩም። ኢንተርኔት መዝጋት ተማሪውንም ነጋዴውንም በሽተኛውንም አብሮ የሚቀጣ ነገር ነው፤ በየትኛውም መንግሥት ዘመን ትክክል አይደለም። ዛሬ የምጽፍበት ሊብሬኦፊስ ማንንም አይጠይቅም። ኪዊክስ በሚባል ፕሮግራም ወደ 15 ሺህ ጽሑፍ ያለውን የአማርኛ ውክፔዲያ ዲስኬ ላይ አውርጃለሁ። የሰፈር ልጆች ለቤት ሥራቸው እየመጡ ያነቡበታል። አላስከፍላቸውም።

ስክሪኑ ደካማ ነው። ደብዛዛ ነው፤ ከጎን ሲያዩት ቀለሙ ይለወጣል። የሰርግ ጥሪ ቀለም በእሱ አምኜ አላትምም፣ መጀመሪያ አንድ ወረቀት አውጥቼ አያለሁ። ካሜራው ለቪዲዮ ጥሪ አይሆንም። ማራገቢያው ስምንተኛው ወር ላይ መጮህ ጀመረ። ሸዋ በር ያለ ጠጋኝ ልጅ ከፍቶ አቧራውን አወጣ፣ የፕሮሰሰሩን ሙቀት የሚያስወጣውን የደረቀ ፔስት ቀየረ። 600 ብር ወሰደ፣ ጸጥ አለ። ሻጩ ደረሰኝ አልሰጠኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። እናንተ ጠይቁ።

ራሙን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበትን ጊዜያዊ ማኅደር፣ ከ8 ወደ 16 ጊጋ ባይት ያሳደግኩት በሁለተኛው ወር ነው። ክዳኑን ከፍቶ አንድ ራም መጨመር ብቻ ነበር። ያኔ 3,800 ብር ገዛሁት። በቅርቡ አንዲት ጓደኛዬ ያንኑ ልትገዛ ሄዳ እጥፍ ሊሞላ የተቃረበ ዋጋ ተነገራት። ምክንያቱን በዜና አይታችሁ ይሆናል። ራም የሚሠሩት ጥቂት ኩባንያዎች ምርታቸውን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት ወደሚሆነው አዙረዋል። ማይክሮን ለተራ ተጠቃሚ የሚሸጠውን ክሩሻል የተባለውን ምርት እንደሚያቆም በኅዳር 2018 አስታውቋል። የእኔ ላፕቶፕ የሚቀበለው ዲዲአር4 ደግሞ እየቀረ ያለ ዓይነት ነው። ራም መጨመር ያሰበ ሰው ቢዘገይ ዋጋው የሚጠብቀው አይመስለኝም።

እንደኔ ጽሑፍ የሚሠራ ሰው፣ መምህር፣ ተማሪ እንዲህ ያለውን ቢገዛ አይጸጸትም። ሸጋ ዕቃ ነው። ቪዲዮ ለሚያቀናብር ግን አልመክርም። ዛሬ ብገዛ 8ኛ ትውልድ እፈልግ ነበር፤ ልዩነቱ ጥቂት ሺህ ብር ነው፣ የዊንዶውስ 11 ጣጣም አይኖርበትም። ስትገዙ ከሻጩ ፊት ቻርጀሩን ነቅላችሁ 20 ደቂቃ ሥሩበት። የባትሪውን አቅም የሚያሳየውን ቁጥር አስከፍታችሁ እዩ። እያንዳንዱን ቁልፍ ተጫኑ።

ለኋላው ሁለተኛ ባትሪ አዝዣለሁ። ከአዲስ አበባ በሚመጣው አውቶቡስ ሐሙስ ይደርሳል ተብያለሁ። ሼኹም ሐሙስ ይመጣሉ፤ የአጎታቸውን መንዙማ የያዘ ሌላ ፍላሽ አግኝተዋል።